የቴፓቼ ክኒን

ጁላይ 14፣ እሁድ። ሊዮን

ይህ ደብተር የሥራ ትእዛዝ መቀበያዬ ነበር። የፊተኞቹ ገጾች የሱቅ ስም፣ የፊደል ቁመት፣ የቀለም ዓይነት ብቻ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ግድግዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ስለ ራሴ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት ሊያፍነኝ ነው።

ባለቤቴ ኦቲሊያ ለረቡዕ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ነበራት። አንገቷ ላይ፣ ከጉሮሮዋ በስተግራ፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል እጢ አለ። ዶክተር ሳልመሮን፣ "ወጥቶ ካልታየ ምን እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ክፉ ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም" ብሎናል። ቀጠሮውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ካኒኩላ ገብቷል። በእነዚህ አርባ የሙቀት ቀናት የተቆረጠ ሥጋ አይጋጠምም። እናቴ በካኒኩላ ሐሞቷን ተከፍታ፣ ቁስሉ እንዳመረቀዘ በሴፕቴምበር ቀበርናት። የሐኪም ቤቱን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ አልፈርምም።

ዶክተሩ በስልክ በጣም ተናደደ። "ዶን ፊደንሲዮ፣ በስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚኖሩት?" አለኝ። ለኦገስት 26 ቀጥሮ፣ "ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ኦቲሊያ አልተከራከረችም። ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሠላሳ ዓመት ጫማ ፋብሪካ ቆዳ ስትሰፋ ኖራለች። በክር ቀለም ሳይቀር ከአለቃ ጋር የምትጨቃጨቅ ሴት ናት፤ ለእኔ ግን "እሺ" ብቻ አለች። ቆየት ብላ ነው የተናገረችው።

"ግን አርባ ቀን ቁጭ ብዬ ግድግዳ አላይም። ባህር ውሰደኝ።"

"በዚህ ሙቀት?"

"በዚህ ሙቀት። ቴፓቼም ይመጣል።"

ቴፓቼ ውሻችን ነው። ቀለሙ ከአናናስ ልጣጭ የሚጠመቀውን ቴፓቼ የሚባል መጠጥ ስለሚመስል ነው ስሙ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጅ የለንም፤ እሱ ነው ያለን።

ጁላይ 19፣ ዓርብ። መንገድ ላይ

ተነሳን። ድንኳን፣ ሁለት ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የቀለም ጣሳዎቼ (ያለ እነሱ አልንቀሳቀስም)፣ የውሻው ሳህን። የእሷ የሐኪም ወረቀቶች ከመቀመጫው ሥር።

ኮሊማ። እሳተ ገሞራው በደመና ተጠቅልሏል። መንገዱ ጉብታ በጉብታ። ሚኒባሳችን፣ ኮምቢው፣ በዘለለ ቁጥር የኦቲሊያ እጅ ወደ አንገቷ ይሄዳል። እንዳላየ ሆኜ ነዳሁ።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ኦቲሊያ ከኋላ ተጋድማለች፣ ቴፓቼ ፊት ከእኔ ጎን ተኮፍሷል። ወታደሩ ውሻውን አየት አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ባለቤትዎ ናቸው?" አለኝ። ኦቲሊያ ከኋላ ቀበል አድርጋ፣ "አዎ፣ እኔ ሞግዚቱ ነኝ!" ወታደሩ መሣሪያውን ተደግፎ ሳቀ። መታወቂያ ሳይጠይቅ አሳለፈን።

ስትቀልድ ደስ ይለኛል። ስትቀልድ ደግሞ እፈራለሁ።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ። ኤል ቴኮሎቴ

ሃያ ዓመት ሆኖናል እዚህ ከመጣን። የኮኮናት እርሻው ያው ነው፣ ባህሩ ያው ነው። ዶኛ ኩካ ግን አርጅታለች። የዘንባባ ዳሷ ሥር ድንኳን መትከል ነፃ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ከእሷ ድስት መብላት ግን ግዴታ ነው። ይህንን ማንም አይነግርህም፤ ካልበላህ ግን በማግስቱ ዶሮዎቿን ድንኳንህ ላይ ትለቅብሃለች።

"ወፍራችኋል" አለችን ገና ከመኪና ሳንወርድ። "ውሻው ብቻ ነው ያማረበት።"

"እርስዎ ደግሞ አልተለወጡም፣ ዶኛ ኩካ" አልኳት።

"ውሸታም። ይልቅ ታፔላዬን ቀለም ቀባልኝ፤ ጨው በልቶት 'አሳ' የሚለው ጠፍቷል፤ ሰው ኮኮናት ብቻ የምሸጥ መስሎታል።"

ቴፓቼ ባህር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሞገድ በመጣ ቁጥር ሌባ የመጣ ይመስል እየጮኸ ያባርረዋል። ሞገዱ ሲመለስ ያሸነፈ ይመስለዋል። ወደ እኛ ዞሮ ያየናል፣ ጅራቱን ይወዘውዛል፣ እንደገና ይጀምራል። ኦቲሊያ እየሳቀች አሸዋ ላይ ተቀመጠች። "ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይሄ ግን ገና ሳይበላ ነው የጀመረው" አለች።

ጁላይ 24፣ ረቡዕ

ደህና ቀናት። ጠዋት ኦቲሊያ በጀርባዋ ውሃው ላይ ተንሳፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ዳር ቆሜ እቆጥራለሁ። ምን እንደምቆጥር አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሥር ሆነን የቴፓቼን ጆሮ እየገለጥን መዥገር እንለቅማለን። የኮኮናቱ እርሻ መዥገር በመዥገር ነው። ዘይት እናስነካውና በወረንጦ ስብ እናደርገዋለን። ኦቲሊያ መነጽሯን አድርጋ እንደ ጫማ ስፌት ጥንቅቅ አድርጋ ነው የምትሠራው። ዛሬ አሥራ አንድ አወጣች።

"የዶክተሩ ስፌት ካላማረኝ ፈትቼ ራሴ ነው የምሰፋው" አለች ድንገት።

ስለ ኦፕራሲዮን ስታነሳ ከመጣን የመጀመሪያዋ ነው። "አንገትሽ ላይ የቦት ጫማ ስፌት?" አልኳት። "ድርብ ስፌት" አለችኝ። ማውራት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ቀጠሮውን ያስቀረሁት ፈርቼ ነው፣ አንቺስ ፈራሽ ወይ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ወረንጦውን አጥቤ አስቀመጥኩ።

ጁላይ 30፣ ማክሰኞ

ቴፓቼ ዛሬ ሞገዱ ላይ አልጮኸም። ዳር ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ሸኘው። ትናንትም አልበላም። ሙቀቱ ነው አልኩ።

ኦቲሊያ በተቃራኒው ሁለት ሳህን ባቄላ በላች። ፊቷ ቀላ ብሏል።

ታፔላውን እየቀባሁ ነበር። ዶኛ ኩካ ለአንዱ ዓሣ አጥማጅ ስትነግረው ሰማሁ። እኔ ከታፔላው በስተጀርባ መሆኔን አላወቀችም።

"አየኸው ውሻውን? ተቀብሎላታል።"

"ምኑን?"

"የሴትየዋን ሕመም ነዋ። አንገቷን አላየህም እንዴ? ባሌ ጉበቱን ታሞ ያበጠ ጊዜ ውሻችን አንድ ሳምንት ምግብ እንቢ ብላ ሞተች። በማግስቱ ባሌ ከመረብ አልጋው ተነሥቶ ጀልባውን ገፋ። እንስሳ ለጌታው ይቀበላል።"

ይህንን ሳልሰማ ያደግኩ አይደለሁም። እናቴም ካናሪ ወፏ የሞተች ቀን ያለችው ይህንኑ ነው። የሴት ወሬ ነው ብዬ ብሩሼን ነከርኩ። ሥራ ከጀመርኩ ፊደል ሳጣምም የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ፋቅ አድርጌ ደገምኩት።

ኦገስት 1፣ ሐሙስ

ከተማ ሄድን። የእንስሳት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እጇ ግን የተማመነ ነው። ድዱን አየች፣ ሆዱን ነካካች፣ ደም ወሰደች።

"መዥገር ያመጣው የደም በሽታ ነው። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል። በጣም ቀላል ነው፣ ዶን ፊደንሲዮ። ሃያ ስምንት ክኒን፣ በቀን አንድ። አንድም ቀን እንዳያልፍ።"

ኦቲሊያ ሐኪሟን አቅፋ ሳመቻት። መኪና ውስጥ የቴፓቼን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ እስክንደርስ ድረስ አወራችው።

ስንመለስ ዶኛ ኩካ ዳሷ በር ላይ ቆማለች። "ሐኪም?" አለች። "ይሁን። ግን የተቀበለውን ብታስጥሉት ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ።" ለኦቲሊያ አልነበረም የተናገረችው። እኔን እያየች ነው።

ኦገስት 2፣ ዓርብ

የክኒኑን ነገር ለእኔ ተይው አልኳት። አንቺ ስትሰጪው ይተፋብሻል፤ በእኔ እጅ ግን ይውጣል። "እሺ" አለች።

አሳ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በላ።

ኦገስት 3፣ ቅዳሜ

ሰጠሁት አልኳት።

ሙቀት። ትንፋሽ የለም። ባህሩ እንኳ ሰንፏል።

ኦገስት 4፣ እሁድ

ኦቲሊያ ዛሬ ሩቅ ዋኘች። ስትወጣ እንደ ልጃገረድ ፀጉሯን ጨምቃ ወደ ኋላ ጣለችው። በዚህ ዓመት እንዲህ ሆና አላየኋትም። እጢውም ያነሰ መሰለኝ። በርግጥ ከፀሐይ ፊት ቆማ ነበር፤ ግን ያነሰ መሰለኝ።

ቴፓቼ አይነሣም። ውሃና የእኔ የጠዋት አሳ ብቻ። የሐኪሟ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው መሰለኝ የሚሠራው አልኳት። ኦቲሊያ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ሊሆን ይችላል" አለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኦገስት 6፣ ማክሰኞ

ታፔላው አለቀ። አሳ። ኮኮናት። ጥላ። ዶኛ ኩካ "ጥላ" የሚለውን እኔ ጨመርኩበት ብላ ተኩራራች። እውነትም ሰው የሚመጣው ለጥላው ነው።

ስመለስ ኦቲሊያ ኮምቢው ውስጥ ዕቃ ታስተካክላለች። ሥራ ፈትታ እንደሆነ እንጃ፤ ጣሳዎቼን ሳይቀር በመጠን ደርድራቸዋለች። ራት ላይ ትንሽ ነው የበላችው።

ቴፓቼ እጄን ላሰ። ጨው ጨው ስለሚል ነው።

ኦገስት 7፣ ረቡዕ

ሰዓቱ ቀትር ነው። ኦቲሊያ ተኝታለች። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

አንድም ክኒን አልሰጠሁትም። ሃያ ስምንቱም ባዶው የቀይ ቀለም ጣሳ ውስጥ ናቸው። ዓርብ አንዱን ከማሸጊያው ላወጣ ስል የዶኛ ኩካ ዓይን ፊቴ መጣ። ለዛሬ ብቻ አልኩ። አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል? በማግስቱም ለዛሬ ብቻ አልኩ። አሁን ስድስት ቀን ሆነው። ሐኪሟ አንድም ቀን እንዳያልፍ ያለችው ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከሁሉ የሚከፋው አሳው ነው። ኦቲሊያ እንዳትጠረጥር ሁልጊዜ ጠዋት አሳ እጠቀልልለታለሁ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ቴፓቼ ከማንም እጅ ምንም አይበላም። ከእኔ ሲሆን ግን በግድ አንገቱን ያነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወስዳል፣ ደክሞት እያኘከ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የሚበላው። ቢሆንም ጣሳውን አልከፈትኩም።

እንደ ንግድ አስቤው ነበር ማለት ነው። አንዱን ስጥ፣ ሌላዋን ውሰድ። በሕይወቴ ጥሩ ነጋዴ ሆኜ አላውቅም። አንድ ሰው በሊዮን መንገድ ላይ አስቁሞ ውሻህ ወይስ ሚስትህ ቢለኝ ሳላስብ እመልስለት ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ራሴው ጠይቄ ራሴው መለስኩ። እሷን ሳልጠይቅ። ኦፕራሲዮኑንም እንዲሁ ነው ያስቀረሁት። ሁለቱንም ለእሷ ብዬ ነው፣ ሁለቱንም ከጀርባዋ ነው ያደረግኩት።

ፈሪ ነኝ። ቃሉ ይሄው ነው፤ በትልቅ ፊደል መጻፍ የምችለው እኔ ነኝ፣ ሙያዬ ነው።

ነገ እሰጠዋለሁ።

ኦገስት 8፣ ሐሙስ

አልሰጠሁትም።

ኦገስት 9፣ ዓርብ

የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ማለዳ ኦቲሊያ "ፊዴ!" ብላ ጮኸች። ቴፓቼ ድንኳኑ በር ላይ ተጋድሟል። ነስር ነስሮታል፤ ከአፍንጫው የወረደው ደም አሸዋው ላይ ሳህን በምታህል ቦታ ረግቷል። ይተነፍሳል። ዓይኑ ክፍት ነው።

ወደ ቁልፉ ሮጥኩ። ወደ ሐኪሟ እንውሰደው አልኩ። ኦቲሊያ አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ወደ ኮምቢው ሄደች። የኋላውን በር ከፈተች። ሌላ ቦታ አልፈለገችም። እጇን ሰድዳ ቀዩን የቀለም ጣሳ አወጣች፣ ክዳኑን በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ ማሸጊያውን መዛ አወጣች። ሃያ ስምንቱም በየጉድጓዳቸው አሉ።

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከማክሰኞ።"

"ማክሰኞ? አራት ቀን ነው እኮ! ለምን አልነገርሽኝም? ለምን አልሰጠሽውም?"

ክኒኑን ከማሸጊያው ለማውጣት ትታገላለች። እያየችኝ አልነበረም።

"አንተ ለምን እንዳልሰጠኸው አውቄያለሁ፣ ሽማግሌዬ። ዶኛ ኩካ ያለችውን እኔ ያልሰማሁ መሰለህ? የዚች ሴት ሹክሹክታ እስከ ኮሊማ ይሰማል።" ክኒኑ ወጣ። "ማክሰኞ ሳገኘው መልሼ ከደንኩት። በእጄ። ከዚያ ሄጄ ዋኘሁ። ገባህ? እኔም ጠበቅኩ። ሁልጊዜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ አንገቴን እነካለሁ፣ ቀጥሎ እሱን አያለሁ። ተነሣ ወይስ አልተነሣም? አለመነሣቱን ሳይ..." አቋረጠች። "ዘጠኝ ዓመት እግሬ ሥር የተኛ ውሻ ነው። አለመነሣቱን ሳይ ደስ አለኝ፣ ፊዴ።"

ዓይኔን ወደ አንገቷ መለስኩ።

"አላነሰም" አለች። "አንተ አነሰ ትላለህ። እኔ በጣቴ እለካዋለሁ። አንድ ፀጉር አላነሰም።"

ከዚያ ቴፓቼ አጠገብ ተንበረከከች። የትናንቱን አሳ ቆርሳ ክኒኑን ወሸቀችበትና አፉ ላይ ያዘችለት። አላነሣውም። ተጎንብሳ ጆሮው ሥር ተናገረች፤ እኔ እሰማለሁ።

"የኔን ለኔ መልስልኝ። የኔ ነው። እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ የራስህን ብላ።"

ላሰው። ቆየ። ዋጠው። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ከተማ ወሰድነው። ሐኪሟ መርፌ ወጋችው፣ በደም ሥሩ ውሃ ሰጠችው። "ክኒኑን በትክክል ስትሰጡት ነበር?" ብላ ጠየቀች። "አልነበረም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው" ያለችው ኦቲሊያ ናት። ሐኪሟ አየችን፤ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፣ ተወችው።

እዚያው የሐኪሟ በር ላይ ኦቲሊያ ስልኳን አውጥታ ደወለች። "ዶክተር ሳልመሮን? ኦቲሊያ ነኝ። መቼ ሊያወጡልኝ ይችላሉ? ... አውቃለሁ ካኒኩላ ነው። ባሌን አይጠይቁት፣ አንገቱ የኔ ነው።"

ለረቡዕ።

ኦገስት 11፣ እሁድ። ጠዋት

ድንኳኑን ነቀልን። ቴፓቼ ሦስተኛውን ወሰደ። እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ኦቲሊያ አጠገቤ ቆማ አየች። ወደፊትም ቆማ እንደምታይ ነግራኛለች። ፈረደችብኝ፣ ተቀበልኩ። ዛሬ ጭንቅላቱን አነሣ፣ ጥቂት ሩዝ በላ። ውሻው ትንሽ ተሻለው ብዬ እንዳልደሰት ያ ወሬ ይከለክለኛል። አሁንም አልለቀቀኝም፤ በተሻለው መጠን ወደ እሷ የሚሄድ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት እምነት ከጣሳ እንደሚወጣ ክኒን በቀላሉ አይወጣም።

ዶኛ ኩካ የተጠበሰ አሳ በዘንባባ ቅጠል ጠቅልላ ለመንገድ ሰጠችን። ኦቲሊያ ተቀብላ ጠየቀቻት።

"ዶኛ ኩካ፣ ባለቤትዎ የታሉ? ከመጣን አላየናቸውም።"

"ኧረ እሱማ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ!"

"በምን?"

"በጉበቱ ነዋ፣ በምን ይሞታል።"

"ውሻዋ ተቀብላላቸው የለ እንዴ?"

"ተቀበለችለት እንጂ። እሷ በሞተች በሦስተኛ ወሩ ነው ያረፈው።" ዶኛ ኩካ ግራ የተጋባች መሰለች፤ ምን እንደሚያስገርመን አልገባትም። "ግን እነዚያ ሦስት ወራት ጥሩ ነበሩ። በየቀኑ ባህር ወጣ።"

ኦቲሊያ እኔን አየችኝ። እኔ አዲሱን ታፔላ አየሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ስበላ ያንን አንድ ጥያቄ ለምን አልጠየቅኩም? መልሱን ስለማልፈልገው ነው። የወሬውን ግማሽ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ኮምቢው ሲነሣ ኦቲሊያ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላቆም አላት፤ አንገቷን ይዛ "ኧረ ያመኛል" እያለች ሳቀች። እኔም ተጋባብኝ። እስከ ሎሚ እርሻዎቹ ድረስ ሳቅን።

ኦገስት 13፣ ማክሰኞ። ሊዮን

አምስተኛው ክኒን። ኦቲሊያ አየች።

ቦርሳዋን አዘጋጀች። ነጠላ ጫማ፣ ሌሊት ልብስ፣ መነጽር። አንድ ጥቅልል ክር አስገብታለች፣ ቡናማ፣ የፋብሪካው። "ለዶክተሩ ናሙና" አለችኝ።

ኦገስት 14፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት፣ ኮምቢው ውስጥ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገባች።

ወረቀቱን አመጡልኝ። ሁለተኛ አልፈርምም ያልኩ ሰውዬ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ "እንዴት ያለ ቆንጆ ጽሕፈት ነው!" አለችኝ። ፊደሉ አልተጣመመም።

አራት ሰዓት። ቴፓቼ ከጎኔ ተኝቷል፣ አገጩ ጭኔ ላይ። ስድስተኛውን ሰጠሁት። ዛሬ አጠገቤ ቆሞ የሚያይ አልነበረም። አሳ ስለሌለ በቶርቲያ ቂጣ ጠቀለልኩት። አፉ ውስጥ እስኪገባ፣ ጉሮሮው እስኪወርድ፣ ምላሱን ዘርግቶ እስኪያሳየኝ ጠበቅኩ። ዶኛ ኩካ ትክክል ብትሆንስ? አሁን በዚህ ሰዓት እያዳንኩት እሷን ብገድልስ? ይህንን አሰብኩ፣ ሰጠሁትም። ሁለቱንም አደረግኩ። እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ዶክተር ሳልመሮን ኮፍያውን ሳያወልቅ ወጣ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ አለኝ። እጢው ወጥቷል፣ ሙሉውን፤ ምንነቱ በአሥር ቀን ይታወቃል። "ቁስሉስ?" አልኩት። "ቁስሉ ካኒኩላ መሆኑን አያውቅም፣ ዶን ፊደንሲዮ" አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ባለቤትዎ ገና ማደንዘዣው ሳይዛት ክር አውጥታ ድርብ ስፌት ስፋኝ አለችኝ" አለና ሄደ። ይሳቅ ይናደድ አልለየሁትም።

ስምንት ሰዓት። አስገቡኝ። አንገቷ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ግማሽ ከፈተች። ምን ልትለኝ ይሆን ብዬ ተጎነበስኩ። እንዳትናገር ከልክለዋታል፤ ድምጿ እንደ አሸዋ ነው የወጣው።

"ክኒኑን ወሰደ?"

"ወሰደ" አልኳት።

እጇን ዘረጋች። ገባኝ። ማሸጊያውን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አላደረገችም። በአውራ ጣቷ ባዶዎቹን ጉድጓዶች አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቆጠረች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ማሸጊያውን ሳትለቅ እጄን ያዘችና እንቅልፍ ወሰዳት።